የማዶ ቤት ያልሆነው ወንበር

«ይኼኛው ይችለኛል?» አለ ጎረቤቱ ድንቡሼ፣ ወንበሩን በጣቱ ነካ እያደረገ።

«ከአንተ የከበደ ሰው ችሏል፤ ተቀመጥ» አለው ወንበር ጠጋኙ።

ድንቡሼ ትንፋሹን ይዞ ተቀመጠ። ወንበሩ አንዴ ሲጥ አለና ዝም አለ።

የእህቱ የእትዬ ለቅሶ ሁለተኛ ቀን ነበር። የመጣው ሰው ከታሰበው በላይ ስለሆነ ጠጋኙ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የእህቱን ወንበሮች አንድ በአንድ አውርዶ ደረደራቸው። ሁሉም ከሸንበቆ የተጎነጎኑ፣ ከሃምሳ ስድሳ ዓመት በፊት የተሠሩ ናቸው። እትዬ በሕይወት ሳለች ማንም አይቀመጥባቸውም ነበር።

«እማዬ ብታይ ሁላችንንም ታስነሳን ነበር» አለች የእህቱ ልጅ፣ ከፔርሙዙ ሻይ እየቀዳች። ጥቂት ሰዎች ፈገግ አሉ።

የእትዬን ሙያ ለሰው ማስረዳት አስቸጋሪ ነው። አሮጌ ወንበር ይመጣላታል፤ ማን እንደሠራው ትናገራለች፤ በቃ። የዚያን ዘመን ጎንጓኞች ስማቸውን አይጽፉም። ቢበዛ የፋብሪካው ትንሽ የነሐስ ሰሌዳ ከሥር ይመታል፤ እሱም ከጊዜ ብዛት ይወድቃል። እሷ ግን ወንበሩን ገልብጣ ሥሩን ታያለች፦ የሸንበቆው ልጥ ጫፉ የት እንደታሰረ፣ ቀዳዳዎቹ ምን ያህል እንደተራራቁ፣ እግሩ በብሎን ይሁን በእንጨት ሽብልቅ እንደተያዘ። ስማቸው ለጠፋባት ሠራተኞች ራሷ ስም ታወጣላቸዋለች። ቋጠሮውን ወደ ግራ የሚያዞረው «ግራኙ» ነው፤ ጥግ ላይ ሲደርስ ልጡን የሚያጣብበው ደግሞ «ችኩሉ»። ከሁሉም በላይ የምታከብረው ከወንዙ ማዶ የነበረውን ፋብሪካ፣ ማዶ ቤትን ነበር።

ዓይኗ እየደከመ ሲሄድ ሥራውን በእጇ ቀጠለች። ወንድሟ ወንበሩን ተሸክሞ ያመጣላታል፤ እሷ እጇን ከሥር ሰድዳ ትዳስሳለች። የተሰበረውን እሱ ይጠግናል። ወንበር ተሸክሞ ሲገባም በሩን በጀርባው ከፍቶ ይይዝላታል፤ እሷ ግድግዳውን እየዳበሰች ቀስ ብላ ተከትላው ትገባለች።

በሦስተኛው ቀን ከመስኮቱ ሥር ሁለት ሴቶች ያንሾካሽኩ ነበር።

«አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም።»

«ጣቷ ዓይን ነበረው እኮ።»

ጠጋኙ ሻዩን ሳይጨርስ ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ። አንድ ጊዜ መሳሳቷን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ያሳሳታትም እሱ ነው።

ነገሩ ከሆነ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። «በጥገና ማንም አይደርስብህም፤ ወንበር መሥራት ግን ያንተ ነገር አይደለም» ብላው ነበር፤ በክፋት ሳይሆን እንደ ዋዛ። እሱ ግን ቃሏ ሆዱ ገባ። ከተሰባበሩ ወንበሮች እንጨት እየለቀመ፣ ስድስት ወር ሙሉ ተደብቆ አንድ ባለ መደገፊያ ወንበር ሠራ። መቀመጫውን ልክ እንደ ማዶ ቤት አድርጎ ጎነጎነው። ከማይጠገን የማዶ ቤት ወንበር ላይ የነቀለውን የነሐስ ሰሌዳ ከሥሩ መታበትና ፊቷ አስቀመጠው። የማዶ ነው ካለች ሊስቅ፣ ከዚያም ሊነግራት ነበር።

እትዬ ወንበሩን ብዙ ዳሰሰችው። ከዚያ «የማዶ ነው» አለች።

ይህን ስትል ጡረታ ሊወጡ የደረሱ አንዲት መምህርት በሩ ላይ ደርሰው ነበር። «እንግዲያው እኔ እወስደዋለሁ» አሉ።

መሳቁን ተወው። ቢናገር እህቱን በደንበኛ ፊት ማዋረድ ሆነበት። ነገ እነግራታለሁ አለ። ነገ ከነገ ወዲያ ሆነ፤ በዚህ መሃል ዓይኗ ጨርሶ ጠፋ። ከዚያ ወዲያማ «ዓይንሽ እየጠፋ ሳለ አታለልኩሽ» ማለት ከአፉ አልወጣ አለ።

በአራተኛው ቀን መምህርቷ ከዘራ ይዘው መጡ። «እግዜር ያጽናህ» ብለው አጠገቡ ተቀመጡ። ሻይ እስኪቀርብላቸው ድረስ ስለ እትዬ ሕመም ጠየቁት፤ እሱም ነገራቸው።

«ለቅሶ ቤት የሚወራ አይደለም፣ ይቅርታ አድርግልኝ» አሉ ቆይተው። «እኔም አርጅቻለሁ። ያንን ወንበር ለሙዚየም ልሰጠው ነው። ሰሪው ማን ተብሎ ይጻፍ አሉኝ።»

ጠጋኙ በቤቱ ያለውን ሰው ዞር ብሎ አየ። የሚሰማቸው አልነበረም።

«መምህር፣ ያ ወንበር የማዶ አይደለም። እኔ ነኝ የሠራሁት። እህቴን አታልዬ ነው።»

«የማዶ አለመሆኑንስ አውቃለሁ። አንተ መሆንህን ነው ያላወቅሁት።»

«ማን ነገረዎት?»

«ራሷ ናታ። በወሰድኩት በሳምንቱ ብቻዋን በታክሲ ቤቴ መጣች። ‹ተሳስቼ አይደለም፣ እያወቅሁ ነው የማዶ ነው ያልኩት፤ ገንዘብዎን ልመልስና ወንበሩን ልውሰደው› አለችኝ። ወድጄዋለሁ፣ አልመልስም አልኳት። ታዲያ ሰሪው ማነው ስላት፣ ‹እጁን አውቀዋለሁ። ስሙን ራሱ እስኪነግርዎ ድረስ ይቀመጡበት፤ አይጥልዎትም› አለች።»

ጠጋኙ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወለሉን አየ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ ሲሠሩ ኖረዋል። ስለ ግራኙም ስለ ችኩሉም ሲያወሩ ውለዋል። እሱ ነገ ሲል፣ እሷ ዛሬ ይነግረኛል ስትል።

«ታዲያ ለእኔ ለምን የማዶ ነው አለችኝ?»

መምህርቷ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ሊያጽናኑት የሚችሉበት መልስ ያሰቡ መሰሉ፤ ግን ተዉት።

«እሱን እሷን ነበር መጠየቅ» አሉ።

ቀጥለውም «ወንበሩ ውጭ መኪና ውስጥ አለ። መቀመጫው ረግቧል። ጠግነውና ስምህን ጻፍበት። ለሙዚየሙም እንደዚያው እነግራለሁ» አሉት።

ጠጋኙ ወጥቶ ወንበሩን ከመኪናው አወረደው። ባስታወሰው ልክ ከባድ አልነበረም። በትከሻው ተሸክሞ ወደ ቤት ገባ፤ ገብቶም በሩን በጀርባው ከፍቶ እንደያዘ ቆመ። ቀስ ብሎ የሚራመድ፣ ግድግዳውን እየዳበሰ የሚመጣ ሰው ሊገባ የሚበቃው ጊዜ አለፈ።

የእህቱ ልጅ ብርጭቆ ስትሰበስብ አየችው።

«ጋሼ፣ ሌላ የሚገባ ሰው አለ?»

ጠጋኙ ወደ ኋላው ዞር ብሎ አየ።

«የለም» አለና በሩን ቀስ አድርጎ ለቀቀው።