ያዘጋጀው

አባዬ በሞተ በሁለተኛው ወር ስሙ ኮምፒውተሬ ላይ ሦስት መቶ አርባ ጊዜ ብቅ አለ።

እሱም እኔም አንድ ቢሮ ውስጥ መሐንዲሶች ነበርን። የአንድ ገበያ አዳራሽ ጣሪያ የሚሸከመውን ብረት ሶፍትዌር ላይ ሠርቶ፣ በንፋስና በክብደት ፈትኖ ነው የሞተው። ውጤቱን በፋይል አውጥቶ ለአዳራሹ አሠሪ መላክ ብቻ ነበር የቀረው። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና አባዬ ቀርፋፋ ነበር፤ ፋይል የሚያወጣው አንድ በአንድ እያየ፣ በእጁ ነው። እኔ ትዕግሥቱ የለኝም። «ይሄን አውጣ፣ ቀጥሎ ያንን» የሚል ሃያ መስመር ትእዛዝ፣ እኛ ስክሪፕት የምንለውን፣ ጻፍኩና ለቀቅኩት።

ፋይሎቹ ይወጡ ጀመር። የእያንዳንዱ አናት ላይ «ያዘጋጀው» ይልና የአባዬ ሙሉ ስም ይከተላል። ሶፍትዌሩ የሚጽፈው መጀመሪያ የሠራውን ሰው ስም እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ፋይል በወጣ ቁጥር ከባዶ ወንበሩ በኩል ጉሮሮውን ሲጠርግ የሰማሁ ይመስለኛል። ዞር ብዬ ላለማየት ፋይሎቹን ማንበብ ያዝኩ።

የብረቱ ውፍረት ስምንት ሚሊ ሜትር ይላል። ወይ ጉድ! እራት ላይ ሳይቀር «ከአሥራ ሁለት በታች አይሆንም» እያለ ጆሮዬን ያደነቆረኝ ሰውዬ! የተቀየረበትን ቀን አየሁ። ከተቀበረ ዘጠነኛው ቀን ነው። በስምንቱ ደግሞ ጣሪያው ንፋሱን አይችልም።

ደሜ ፈላ። አለቃችን ክፍል ዘው ብዬ ገባሁ።

«ጋሼ፣ የአባዬን ሥራ ማን ነካው?»

«እኔ ነኝ። ቀጭኑ ብረት ተገዝቷል፣ ምን ላድርግ?»

«ታዲያ በሱ ስም ነው የሚሄደው? ጣሪያው ሰው ላይ ሲወድቅስ?»

«ሙት አይከሰስም የኔ ልጅ። ካንገበገበሽ በራስሽ ስም አድርጊው።»

እልኸኛ ነኝ፤ ሄጄ ስክሪፕቱን ከፈትኩ። ከሱ ስም የኔ ይጥፋ፣ እኔ ቢያንስ የምከራከርበት አፍ አለኝ። ስሜን ጻፍኩ። ሶፍትዌሩ የአባት ስም ካልተሞላ አልቀበልም አለ። ሞላሁ።

አባዬ ተመልሶ መጣ፤ ከስሜ ኋላ ቆሟል።

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። «የት ልደብቅህ አባዬ?» አልኩ ጮክ ብዬ። ጸሐፊዋ ደንግጣ አየችኝ።

ስሜን አጠፋሁት። የአሥራ ሁለቱን ውጤት እንደገና አስልቼ በአባዬ ስም አወጣሁ። የስምንቱን ደግሞ ስክሪፕቱ በቀየረው ሰው ስም፣ ከነቀኑ እንዲያወጣ አዘዝኩት። ሁለቱንም ለአሠሪው ላክሁ፤ ለአለቃችንም ግልባጭ አደረግሁለት።

ብዙም አልቆየ። የስምንቱን ወረቀት ይዞ ከክፍሉ ወጣ። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር።

«የአባቴን ስም ምን ያስገባዋል እዚህ?» አለኝ።

አባቱ ከሞቱ ሃያ ዓመታቸው ነው።