ከቻርጀር የወረደ ባትሪ

የወረዳው አዳራሽ ውስጥ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳለ ቅጽ የምታድለው ልጅ እኔን ዘላ አለፈች። "እኔስ?" ብላት፣ "እማማ፣ ይሄ የባትሪ ጠጋኞች ምዝገባ ነው፤ የሴፍቲኔቱ ስብሰባ ማክሰኞ ነው" አለችኝ። አዳራሹ ሳቀ። እኔ ባትሪ ሳድስ እሷ አልተወለደችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንግሥት የፀሐይ መብራትና የባትሪ ቀረጥ አንስቷል፣ ባትሪ ለሚጠግኑም መሥሪያ ሼድ ይሰጣል ተባለ። ሼዱ አየር ጤና ነው፤ የኔና የባሌ የወርቅአፈራሁ ሱቅ ከነበረበት ሁለት መቶ እርምጃ አይርቅም። ሱቁ ለመንገድ ፈረሰ፤ ባሌም ዓመት ሳይሞላው ሞቶ ተከተለው። የባትሪ ቻርጀራችንን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አልጋ ሥር አኑሬዋለሁ።

ሌላዋ ባሏን ስትናፍቅ ምኑን እንደምትናፍቅ አላውቅም። እኔን የናፈቀኝ ቱታው ነው። አሲድ እየበላው በየሳምንቱ ይበሳል፤ በየሳምንቱ እየተሳደብኩ እሰፋለታለሁ። "ጽጌ፣ ውሃ!" ሲል ድምፁ እስከ ፌርማታው ይሰማ ነበር፤ የባትሪ ውሃ ማለቱ ነው። አሁን ቀኑን ሙሉ አምጪ የሚለኝ የለም። ይኸው ሦስት ዓመት፣ የኔም ቀሚስ አንድ ቀዳዳ የለበትም።

ልጅቷ ሌሊሴ ትባላለች፣ ኢንጂነር ናት። አንድ የታደሰ አሮጌ ባትሪ ለማሳያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ መለኪያ አስነካችው። "አሥራ ሦስት ቮልት ሊሞላ ነው። ጤነኛ!" አለች።

"ከቻርጀር መቼ ወረደ?" አልኳት።

"አሁን፣ ልገባ ስል።"

"እንግዲያው ይዋሽሻል፤ ገና ከቻርጀር ሲወርድ የሞተውም ሙሉ ይመስላል። የመኪና የፊት መብራት አምፖል እሰሪበት።"

ከኋላ አንዱ ጎረምሳ፣ "እማማ፣ ለእርስዎ ሻማ ይሻላል!" አለ።

"ሻማውን ለተዝካርህ አስቀምጬዋለሁ" አልኩት።

ሌሊሴ አምፖሉን አሰረች። ቦግ አለ። ደቂቃ ሳይሞላ ቀላ፤ ከዚያ ጭልጭል ብሎ ጠፋ። መለኪያውን ብታየው ሦስት ላይ ወርዷል። ወርቅአፈራሁ ባትሪ አሳድሮ፣ በማግስቱ አምፖል አስሮ ካላየ ለሰው አይሰጥም ነበር።

ልጅቷ መቼም ጨዋ ናት፣ አልተቆጣችም። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። "ማን አስተማረዎት?" ስትለኝ የባሌን ስም ብቻ ነገርኳት። ቅጹን መሙላት ጀመረች፤ የትምህርት ደረጃ የሚለው ጋ ስትደርስ "አልተማርኩም" ብላት እስክሪብቶዋ ቆመ።

"እማማ፣ ከስምንተኛ ክፍል በታች ቅጹ አይቀበልም። የምስክር ወረቀት ላለው አንድ ልጅ ረዳት ብዬ ልመዝግብዎት? ሼዱ በእሱ ስም ይሆናል እንጂ ሥራውን አብረው ይሠራሉ።"

ሠላሳ ዓመት ረዳት ነበርኩ፤ የአንድ ሰው ረዳት። ሌላ ሰው "ውሃ!" እንዲለኝ አልፈልግም።

"ስሚ ልጄ" አልኳት። "አለቆችሽ ጋ አሁኑኑ ደውይ። አሥር የሞቱ ባትሪዎች ይደርድሩልኝ፤ ወረቀት ላላቸውም አሥር ይደርደርላቸው። በእጄ ሥራ ይፈትኑኝ፤ ጥያቄ ካላቸውም በአፍ ይጠይቁኝ። ካለፍኩ ሼዱን በኔ በጽጌማርያም ስም ይጻፉት። ደውይ፤ መልስ ሳትነግሪኝ ከዚህ ወንበር አልነሳም።"