ከአባቷ ጀርባ የቀረው ፊልም

የሚጢ አባት የአንድ ትምህርት ቤት የሥነ ሥርዓት ተቆጣጣሪ ነበሩ። ተማሪዎቹ «ፀጥታ» የሚል ስም አውጥተውላቸዋል፤ እሳቸው ኮሪደሩ ላይ ብቅ ሲሉ ዝንብ እንኳ ክንፏን አጥፋ ታልፋለች ይባል ነበር። እንዲህ ያሉ ሰው ቪዲዮ ማጫወቻ ገዝተው ቤታቸው ሲያስገቡ ጎረቤቱ ሁሉ ጉድ አለ። እሳቸው ግን ለዚህም መልስ አላጡም። «ፊልም ትምህርት ነው፤ ዋናው መምረጡ ላይ ነው» አሉ።

አመራረጣቸው ቀላል ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ቪዲዮ ቤት ገብተው የካሴቶቹን ሽፋን ያገላብጣሉ። ሽፋኑ ላይ ሴት ካለች ይመልሱታል፤ ከሌለች ፊልሙ ጨዋ ነው። ጢማም ሰውዬ መጥረቢያ ይዞ ቢያፈጥ፣ ግድግዳው በደም ቢታጠብ ግድ የላቸውም። «ይኼ ቁም ነገር ያለው ይመስላል» ብለው ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ይመጣሉ።

ስለዚህ የስምንት ዓመቷ ሚጢ በአባቷና በልብስ ሰፊዋ እናቷ መሐል ተቀምጣ ያላየችው ጉድ አልነበረም። የሰው ጭንቅላት እንደ ኳስ በደረጃ ሲንከባለል ዳቦዋን እየገመጠች አይታለች። አባትየው ሻያቸውን ፉት ይሉና «አየሽ ሚጢ፣ ምክር የማይሰማ ሰው መጨረሻው ይኼ ነው» ይሏታል። አንዱ የሌላውን እግር በመጋዝ ሲገዘግዝ ደግሞ «ቀለም ነው፤ አትፍሪ» ብለው ጭንቅላቷን ይዳብሷታል።

ነገር ግን አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተያይተው ሙዚቃው ቀዝቀዝ ማለት ሲጀምር፣ አባትየው ጊንጥ እንደ ነደፈው ሰው ከሶፋው ይፈናጠራሉ። ኮታቸውን እንደ ክንፍ ዘርግተው ቴሌቪዥኑ ፊት ይገተሩና «ዓይንሽን ጨፍኚ!» ይላሉ። ቀጥለው ወደ ሚስታቸው ዞረው «አንቺም!»

«እኔ እኮ ባለትዳር ነኝ» ትላለች እናት።

«ብትሆኚስ!»

እሳቸው ግን አንገታቸውን በትከሻቸው ላይ ጠምዝዘው ፊልሙን ያያሉ።

«አላለቀም እንዴ?» ትላለች እናት፣ ከያዘችው ጥልፍ ቀና ሳትል።

«ገና ነው» ይላሉ ሳይዞሩ። «ማለቁን የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል።»

ልጅ ደግሞ ያየችውን ትደምራለች፣ ትቀንሳለች። አንገት ሲቀላ አባዬ ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል። ሁለት ሰዎች ሲጠጋጉ ግን ቤት እንደተቃጠለበት ሰው ይዘላል። እንግዲህ ከአባዬ ጀርባ ከመጥረቢያ የባሰ ነገር አለ ማለት ነው። ይባስ ብሎ፣ የሚመርጧቸው ፊልሞች ነገር ሆኖ፣ አባትየው ተመልሰው ሲቀመጡ ብዙውን ጊዜ ያቺ ሴትዮ ሬሳ ሆና ትገኛለች። ሚጢ ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለጋትም።

የእናቷ ታናሽ እህት ስታገባ ሚጢ አበባ ያዥ ሆነች። ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ቅርጫቷን አንጠልጥላ ስትሄድ ያያት ሁሉ «መልአክ!» አለ። አዳራሹ ደጅ ያለው ሣር ላይ ሲደርሱ ፎቶ አንሺው «ሙሽሮች፣ እስቲ ጠጋ ጠጋ! ሳማት እንጂ ምን ታፍራለህ!» አለ። ሙሽራው፣ አንድ ዓይነ አፋር የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ጎንበስ አለ።

ሚጢ ቅርጫቷን ወርውራ መሐላቸው ገባች። «እንዳትነካት! ሁላችሁም ዓይናችሁን ጨፍኑ!» ብላ ጮኸችና የሙሽራውን እጅ ነከሰችው። ጥርሷ የምር ገባ።

«ሚጢዬ፣ ምን ሆንሽብኝ?» አለች አክስቷ።

«አንቺ ፊልም አይተሽ አታውቂም? መጀመሪያ ይጠጋል፣ ከዚያ አባዬ ይነሳል፣ ከዚያ ትሞቻለሽ!»

ከእንግዶቹ መሐል የአባቷ አለቃ፣ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ነበሩ። ጎንበስ ብለው «ምን ዓይነት ፊልም ነው የምታዪው፣ የኔ ልጅ?» አሏት።

«ትምህርታዊ» አለች ሚጢ እንባዋን እየጠረገች፣ በጨዋ ደንብ። «ባለፈው ሰውየው አማቱን በመጋዝ ቆራረጣት። ከዚህ ነው የጀመረው» ብላ የሙሽራውን እናት ክንድ ከክርኑ በላይ ያዝ አድርጋ አሳየቻቸው። ሴትዮዋ ክንዳቸውን መንጭቀው ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

ርዕሰ መምህሩ ቀና ብለው የሥነ ሥርዓት ተቆጣጣሪያቸውን አዩ። ፀጥታ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸው ፀጥ አሉ።

ቤት ሲገቡ እናት ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ጀመረች። «አንገት ሲቆረጥ ቁጭ፣ ሰው ሲሳሳም ብድግ! ልጅቷ ምን ትማር?»

አባትየው ነገሩን ሳምንቱን ሙሉ ሲያብላሉ ሰነበቱና መፍትሔ አገኙ፦ ለሁለቱም መቆም። በቅዳሜው ፊልም ግማሹ መተራረድ፣ የቀረው መተቃቀፍ ስለነበር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆመው አመሹ። እናትና ልጅም ኮት ሲያዩ አመሹ።

«ገበሩ ተተርትሯል» አለች እናት። «ስትጨርስ አምጣው፣ ልጥቀመው።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቪዲዮ ቤት የሄደችው እሷ ናት። ሽፋኑ ላይ ሴት ብቻ ሳትሆን የምትስቅ ሴት ያለችበትን ፊልም ይዛ መጣች። ሙዚቃው ቀዝቀዝ ሲል አባትየው ከሶፋው ተነሱ።

«ቁጭ በል» አለች እናት።

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። እሳቸው ግን አርፍዶ እንደ ደረሰ ተማሪ ተቀመጡ። ሚጢ በአንድ እጇ የእናቷን፣ በሌላው የአባቷን ክንድ ጨምድዳ ያዘች። ሰውዬው ሴትዮዋን ሳማት። ከዚያ ሴትዮዋ ፀጉሯን አስተካክላ ዝናብ ሳይመጣ የታጠበውን ልብስ ከገመድ ላይ እናውርድ አለችው። ማንም አልሞተም።

ሚጢ ትንሽ ጠበቀች። «ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው» አሉ አባትየው፣ ጆሯቸው ቀልቶ።

«ታዲያ ለዚህ ነው ስትቆም የከረምከው?»

«ተዪው» አለች እናት ሳቋን መያዝ አቅቷት፣ «እግሩን ሲያፍታታ ነው።»

ከዚያ በኋላ ያለው ፊልም ለሚጢ እጅግ አሰልቺ ነበር። የሚቆረጥ ነገር ስለሌለው ግማሹ ሳይደርስ የእናቷ ጭን ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። አባትየው መተኛቷን በደንብ አረጋገጡና ወደ ሚስታቸው ጠጋ ብለው፣

«እስቲ ወደ ኋላ መልሺው» አሉ ቀስ ብለው። «ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም።»