የመጋዘኑ በር ፊልም

ሳቢሪን በፊልሜ ላይ ፊቷ እንዲሸፈን እንደማትፈልግ ስትነግረኝ ደስ አለኝ ብል ውሸት ነው፤ ፈራሁላት። ኮሌጃችን ባዘጋጀው የአጭር ፊልም ውድድር ላይ ስለ ሴቶች በደል የሚሠራው ሁሉ ሴቶቹን ጨለማ ውስጥ አስቀምጦ፣ ድምፃቸውን አጎርንኖ ነበር የሚያቀርበው። እሷ ግን «ምን ሰርቄ ነው የምደበቀው፣ ሩፈይዳ?» አለችኝ።

ሳቢሪን ጅማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር ነው የምትኖረው። ከከተማው ወደ የቡ ከተማ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ የሀጂ ሀቢቡላህ መጋዘን ቡና ትለቅማለች። ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ መሬት ላይ ተቀምጠው የጠቆረውንና የተሰበረውን ፍሬ ከደህናው ይለያሉ። ሲወጡ በሩ ላይ ይሰለፋሉ። ጥበቃው ሻሻቸውን ያስፈታል፣ ቀሚሳቸውን ያራግፋል፣ ከዚያ ብብታቸውንና ወገባቸውን ይዳብሳል። ቡና ይዘው እንዳይወጡ ነው አሉ። ጫኝና አውራጅ ወንዶቹ ግን በዚያው በር እጃቸውን ኪሳቸው ከተው፣ እየተሳሳቁ ያልፋሉ። እኔ የሄርማታ ገበያ ነጋዴ ልጅ ነኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ በዚያ መንገድ ስመላለስ ኖሬ ይህንን ሰልፍ አንድም ቀን ልብ ብዬ አላየሁትም ነበር።

ፍተሻውን ከመንገዱ ማዶ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ቀረጽኩት። ሳቢሪንን ደግሞ ቤቷ ሄጄ አናገርኳት። ሁለት ነገር ተናገረች። «የባዳ ወንድ እጅ ገላዬ ላይ ማረፉ ሐራም ነው» አለች። ቀጥላም «እኛ ሌቦች አይደለንም። ወንዶቹ ሳይፈተሹ እኛ የምንፈተሸው ለምንድን ነው?» አለች። ካሜራውን ካጠፋሁ በኋላ እውነተኛውን ምክንያቷን ነገረችኝ። ልጇ ፊርዶስ ትምህርት ሲዘጋ እዚያው ልትለቅም ነው። «እኔስ ለምጄዋለሁ» አለች። «እሷን እንዲህ ሳያደርጓት ይቁምልኝ።»

ፊልሙ ሲታይ ሀጂ ሀቢቡላህ ፊት ወንበር ላይ ነበሩ። በዚህ ከተማ ትልቅ ነጋዴ ሳይገኝ የሚከፈት ዝግጅት የለም፤ የማን በር እንደሚታይ አዘጋጆቹም አልጠየቁ፣ እሳቸውም አላወቁ። መብራቱ ሲበራ ሀጂ ተነሱና ማይኩን ተቀበሉ።

«ወላሂ አላወቅኩም» አሉ። «የእህቶቻችንን ገላ ወንድ ሲነካ ዝም አልልም። ከነገ ጀምሮ ወንድ እጁን አያሳርፍባቸውም።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከዳኞቹ አንዷ እንባዋን ጠረገች። ሳቢሪን አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ጨምቃ «አልሐምዱሊላህ» ትላለች። ሽልማቱንም ለእኛ ሰጡን። እኔ ግን ንድድ አለኝ። ሴትዮዋ ሁለት ነገር ነው የተናገረችው፤ ያ ሁሉ የተማረ ሰው የሰማው አንዱን ብቻ ነው።

በር ላይ ጠብቄ «ሀጂ፣ ፍተሻው ይቆማል ማለትዎ ነው?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ በሴት ይሆናል ነው ያልኩት» አሉኝ በፈገግታ። «መጋዘን ያለ ፍተሻ ይሆናል እንዴ? ለጓደኛሽም አስቤላታለሁ።»

ክረምት ሲገባ አዘጋጆቹ «ፊልሙ ያመጣውን ለውጥ» ቀርጬ እንድጨምርበት ጠየቁኝ። ሀጂም ደስ ብሏቸው ፈቀዱ፤ በዚህኛው ጊዜ ባጃጅ ውስጥ መደበቅ አላስፈለገኝም። ሴቶቹ እንደ ድሮው ተሰልፈዋል። በሩ ላይ አረንጓዴ የጥበቃ ካፖርት ለብሳ የቆመችው ሳቢሪን ናት። የድሮው ጥበቃ አንድ እርምጃ ከኋላዋ ቆሞ እጇን እጇን ያያል።

«እምቢ አትዪም ነበር?» አልኳት ቀስ ብዬ።

«እምቢ ብል ሌላ ሴት ትቆማለች። እኔ ደግሞ ከሥራ እወጣለሁ። ማል ጎና፣ ሩፈይዳ፣ ምን ላድርግ?» አለችኝ። «አንቺ ቀርጸሽ ትሄጃለሽ።»

ካሜራዬን ወደ ሰልፉ መለስኩ።

ሰልፉ እየገፋ ፊርዶስ ደረሰች። አሥራ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ እጆቿ የቡናው አቧራ ለብሰዋል። ሳቢሪን የልጇን ሻሽ ፈታች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣ ብብቷን ዳበሰች። ወገቧ ላይ ስትደርስ ሌሎቹ ላይ ካደረገችው በላይ ቆየች። ከዚያ ማንንም ያላስወለቀችውን ጫማ አስወለቀቻት።

«በቃ እንጂ፣ የራስሽ ልጅ ናት» አለ ጥበቃው እየሳቀ።

«ለልጇ አዳላች እንዳትሉኝ ነው» አለች።

ፊርዶስ በባዶ እግሯ ጭቃው ላይ ቆማ፣ እናቷን ሳታይ፣ ሻሿን ቀስ ብላ መልሳ አሰረች።

«እማ» አለች፣ «ከነገ ጀምሮ ሰውየው ይፈትሸኝ። እሱ እንኳ ባዳ ነው።»

የሳቢሪን እጅ አየር ላይ ቀረ። ከኋላ ያሉት ሴቶች አቀረቀሩ። ጥበቃው ጉሮሮውን ጠረገ። ሳቢሪን ወደ ሰልፉ ዞረችና ቀጣይዋን ጠራች።