የመስመሩ እናት

በሸሚዝ ፋብሪካው እንደ እሷ የተወደደ አለቃ አልነበረም። በእሷ መስመር ያሉ ሰፊዎች፣ በዕድሜ የሚበልጧት ሳይቀሩ፣ "እትዬ" ነው የሚሏት። ተቆጥታ አታውቅማ! የተጣመመ ስፌት ስታይ ትንፍሽ ሳትል ሸሚዙን ብብቷ ሥር ትሸጉጥና፣ ሰው ለምሳ ሲወጣ ተርትራ ራሷ ትሰፋዋለች። "ጥሩ አለቃ የሠራተኛውን ገመና ይሸፍናል" ትል ነበር። አይ እሷ! ደግሞ ከልቧ ነው።

ከሁሉም አብልጣ የምትሸፍነው የታናሽ እህቷን ነው። እህቷ እጅጌ ትገጥማለች፤ የገጠመችው ሁሉ ብብቱ ላይ ይጨማደዳል። ግን ማን ነግሯት! ባሏ ጥሏት ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ፣ አንጀት የምትበላ ሴት ናት። ይህች ደመወዝ ከቀረችባት አለቀላት።

የጎረቤት መስመር አለቃ ደግሞ "እሬት" ናት፤ ሠራተኞቹ ያወጡላት ስም ነው። "ይሄን ዶሮ ነው የጫረው? ተርትሪና ድገሚው፣ እዚሁ ቆሜያለሁ!" ትላለች፣ በሰው ፊት። እሷ ያስለቀሰቻት ሁሉ እትዬ ዘንድ መጥታ "ምነው አንቺ በሆንሽልኝ" ትላለች። እትዬም ደስ ይላታል፣ ምን ይደበቃል።

አንድ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ገበያ ቀዝቅዟል አለና ሁለቱን መስመሮች ለፈተና አስቀመጠ። እያንዳንዱ ሠራተኛ በተቆጣጣሪ ፊት ይሰፋል፤ የወደቀ ይሰናበታል። እትዬ ዳር ላይ እንድትቆም ተነገራት። እህቷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ ጠቀሰቻት። ለምን ትፍራ? አንድ ቀን እንኳ ሥራሽ ተበላሸ ያላት የለም።

ተቆጣጣሪው እጅጌውን ገልብጦ አየና ወደ ጎን ወረወረው።

"ምን ሆነ? ሁልጊዜ እንዲሁ ነው እኮ የምሰፋው!" አለች እህቷ። "እትዬ፣ ንገሪው እንጂ!"



የእሬት ሰዎች ከሞላ ጎደል አለፉ። የእትዬ መስመር ጠቅላላ ወደቀ። ተቆጣጣሪው ስሞቹን ለሥራ አስኪያጁ አስረክቦ ሲወጣ፣ ሴቶቹ እትዬን እያቀፉ ተላቀሱ። "እንዳንቺ ያለ አለቃ ከየት ይገኛል! ክፉ ቃል ሳይወጣሽ!" እያሉ መረቋት፤ እሬትን ረገሟት። እትዬ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

እህቷ ግን አላቀፈቻትም። የተጨማደደውን እጅጌ ዘርግታ፣ "ታውቂ ነበር?" አለቻት።

"እንዳይከፋሽ ብዬ..."

እሬት ይህን ሰምታ በርጩማ ጎተተች። "ነይ ቁጭ በይ! ጨርቁን ለምን ትጎትቺዋለሽ? ልቀቂው! መኪናው ራሱ ይውሰደው።"

እህቷ ጨርቁን ለቀቅ አድርጋ ሰፋች። እጅጌው ልክክ ብሎ ገባ። አንድም መጨማደድ የለው። አገላብጣ አየችው፣ ከዚያ ተቆጣጣሪው የወጣበትን በር አየች።

"ይሄው ነው?" አለች ወደ እትዬ ዞራ። "እትዬ፣ ይሄንን ነው የደበቅሽኝ?"