ወደ ቢሮ የተሰደደው ገመድ

በእኛ ኮሌጅ የኮምፒውተር በሽታ ሁሉ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ፎርማት። ስክሪን ቢሰነጠቅም ተሜ ፎርማት ያደርገዋል። ተሜ የአይቲ ባለሙያችን ነው። ፍላሽ ዲስኩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ጅግጅጋን ሲዞር ለሚያየው ቀዶ ጥገና ሊሠራ የሚጣደፍ ሐኪም ነው የሚመስለው።

የዚያን ቀን ጠዋት ታመመ የተባለው የዴቃ ላፕቶፕ ነበር። ዴቃ የኤሌክትሮኒክስ ተማሪዬ ናት። የቱሊ ጉሌድ ወረዳ ልጅ ስለሆነች ቢርካው፣ ያ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ፣ ሲደርቅ ምን እንደሚከተል ታውቃለች። ስለዚህ ክዳኑ ሥር ተገጥሞ ስንት ውሃ እንደቀረ የሚናገር መሣሪያ ሠራች። መዳፍ የማታክል ቦርድ ናት፤ በዩኤስቢ ገመድ ኮምፒውተር ላይ ሲሰኳት ቁጥር ትልካለች። ከሰዓት በኋላ ከክልሉ ቢሮ እንግዶች መጥተው ሊያዩዋት ነው። ቁጥሩ ከታየ ዴቃ ለውድድር አዲስ አበባ ትሄዳለች፤ ካልታየ ዕድሉ ለሌላ ትምህርት ክፍል ይሰጣል። ልጅቷ ሰሞኑን ከዚህ ሌላ ወሬ አልነበራትም።

እስከ ምሳ ሰዓት አስተምሬ ላብራቶሪ ስገባ ኮምፒውተሩ ቦርዱን አላይም ብሏል። የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ አቶ ዐብዲረዛቅ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል።

"ቫይረስ ነው" አሉኝ። "ተሜ ፎርማት አድርጎታል፤ አሁንም አላይም እያለ ነው።"

"ፋይሎቿስ?"

ተሜ ትከሻውን ሰበቀ። "ባክአፕ መያዝ የተጠቃሚው ግዴታ ነው።"

የልጅቷ የወራት ልፋት ድራሹ ጠፍቷል። የተረፈው ቦርዱ ራሱ ላይ የተጫነው ፕሮግራም ብቻ ነው። ዴቃ አላለቀሰችም፤ ጥፍሯን ትበላ ነበር።

"ለመሆኑ ገመዱን ያየው ሰው አለ?" አልኩ።

"ገመዱ ምን ይሆናል ኬሪያ? የቦርዱ መብራት በርቷል እኮ" አሉ አቶ ዐብዲረዛቅ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዱ ቀስ ብለው።

መብራት በራ ማለት ጤና ነው ያለው ማን ነው? ገመዱን ነቅዬ ስልኬን በእሱ ከራሴ ላፕቶፕ ጋር አገናኘሁት። ስልኬ ቻርጅ ማድረግ ጀመረ፤ ላፕቶፑ ግን ስልክ መሰካቱንም አላወቀ። ኤሌክትሪክ ብቻ የሚያሳልፍ፣ ዳታ የሚመላለስበት ሽቦ የሌለው የገበያ ገመድ ነው። ይሄ ዓይነቱ ከድንበር በጆንያ ገብቶ እዚህ እንደ ሎሚ ተከምሮ ይሸጣል። ከቦርዱ ጋር የመጣው ግን ይሄ አልነበረም።

"ደህናው የት ሄደ?"

እኛ ዘንድ ደህና ገመድ ላብራቶሪ አያድርም። ስልክ ቶሎ ይሞላል ተብሎ ወደ ቢሮ ይሰደዳል፣ በምትኩ የገበያው ይመጣል፤ ንብረት ክፍል ሲቆጥር ምንም አይጎድልም። ቀጥ ብዬ ወደ ኃላፊው ቢሮ ሄድኩ። ስልካቸው ጠረጴዛው ላይ በዴቃ ገመድ ተሰክቶ ተጋድሟል።

"እሱን እንኳ ተይው፤ እንግዶቹ ይደውሉልኛል" አሉ ከኋላዬ ደርሰው።

"ይደውሉ" ብዬ ነቀልኩት።

ቦርዱን በእሱ ከኔ ላፕቶፕ ጋር አገናኘነው። ዴቃ ለሙከራ ከሥሩ ካስቀመጠችው ባልዲ ውሃ ስትቀዳ ቁጥሩ ተለወጠ። እፎይ ብለን ሳንጨርስ እንግዶቹ ገቡ፤ የሚመሯቸው ወይዘሮ ዑባህ የሚባሉ ኃላፊ ናቸው። አቶ ዐብዲረዛቅ በመሃላችን ሾልከው ፊት ለፊት ቆሙ።

"ትንሽ የቫይረስ ችግር ነበር፤ ከተሜ ጋር ሆነን ፈታነው" አሉ። ሳይገድሉ ጎፈሬ ማለት ይሄ ነው። ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም።

ወይዘሮ ዑባህ ቁጥሩን አይተው ደስ አላቸው። "ሁለት ሰው አዲስ አበባ ይሄዳል። ማን ማን ነው?"

"እኔና ተሜ ነን። ጥያቄ ሲመጣ የሚመልስ ትልቅ ሰው ያስፈልጋል። ልጅቷን ወደፊት እናበረታታታለን።"

አፌን ስከፍት ግን ዴቃ ቀደመችኝ፤ በአፏ ሳይሆን በጣቷ። ላፕቶፔን ሳብ አድርጋ ቦርዱ ላይ ባዶ ፕሮግራም ጫነችበት። ቁጥሮቹ ቆሙ። ቦርዱን ነቅላ በሁለት እጇ ለአቶ ዐብዲረዛቅ አስረከበች።

"ቦርዱ የኮሌጁ ነው፤ ይዘውት ይሂዱ" አለች። "ውስጡ የነበረው የኔ ነው፤ አጥፍቼዋለሁ።"

ወይዘሮ ዑባህ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ተሜ ዞሩ።

"አንተ መልሰህ ልትጽፈው ትችላለህ?"

ተሜ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

"እርስዎስ?"

አቶ ዐብዲረዛቅ ቦርዱን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

"አንቺስ፣ ልጄ?"

"የጠፋው ከቦርዱ ነው፤ ከጭንቅላቴ አይደለም" አለች ዴቃ። "ጭንቅላቴን ደግሞ ያለ እኔ ይዘውት መሄድ አይችሉም።"