አዎ፣ ፈርሜያለሁ

ጋዜጠኛዋ በሩ ላይ ስትታይ ሳሎኑ ውስጥ የነበረው ወሬ ቀጥ አለ። ሻይ ስታድል የነበረችው የሟች ልጅ ትሪውን እንደያዘች ቆመች። አጎቷ ከወንበሩ ብድግ ሊል ሲል እናቷ ክንዱን ያዝ አደረገችና፣ ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ከቤቷ እንደማይባረር ቀስ ብላ ነገረችው። ጋዜጠኛዋም «እግዜር ያጽናችሁ» ብላ ግድግዳው ሥር ካለች ወንበር ጫፍ ላይ ኩርምት አለች። ፀጉሯ ሸብቷል፤ ድምጿ ግን ያው ነው።

ያንን ድምፅ ልጅቱ ከሺህ ድምፅ መሃል ትለየዋለች። አባቷ የከተማው አውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ የመካኒኮች አለቃ ነበር፤ ጥፍሩ ሥር ያለው ግራሶ በሳሙና የማይለቅ፣ ሞተር ሲያዳምጥ ዐይኑን የሚጨፍን ዝምተኛ ሰው። ልጅቱ ገና ተማሪ ሳለች፣ አንድ በጋ የፍሬን ዕቃ ከመጋዘኑ ጠፋ። ሥራ አስኪያጁ ዕቃው እስኪመጣ አውቶቡሶቹ እንደምንም ይሥሩ ሲለው አንገራገረ፤ ኋላ ግን ለመንገድ ብቁ ናቸው ብሎ ፈረመ። ከነዚያ አንዱ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አለው። ከድንጋይ አጥር ጋር ተላትሞ፣ ከሥራ ወደ ቤቷ ስትመለስ የነበረች ነርስ ሞተች። ሾፌሩ ከመጠን በላይ ፈጥኗል ተብሎ ታሰረና ነገሩ በዚያው ሊዳፈን ሆነ። ያኔ ነው ጋዜጠኛዋ ጋራዡ በር ላይ ጠብቃ፣ የፈረመው እሱ እንደሆነ የጠየቀችው።

«አዎ፣ ፈርሜያለሁ» አለ።

ይቺ መልስ ሰሞኑን ሁሉ በሬዲዮ ተደጋገመች። ከዚያም መቀለጃ ሆና አረፈችው። ገበያተኛው ሚዛኑ ልክ ነው ወይ ሲባል «አዎ፣ ፈርሜያለሁ» ይላል። ተማሪዎች የቤት ሥራ ሠርታችኋል ሲባሉ ድምፃቸውን አጎርንነው «አዎ፣ ፈርሜያለሁ» ይላሉ። ልጅቱ የማን ልጅ እንደሆነች ክፍሏ ውስጥ የሚያውቅ ስላልነበር አብራ ትስቅ ነበር።

ሳሎኑ ውስጥ ሹክሹክታው ቀስ በቀስ ተመለሰ። አጎቷ ጎረቤታቸው ወደሆኑት ጡረተኛ አስተማሪ ዘንበል ብሎ ያጉረመርማል። ወንድሙ ከሥራ ሲባረር ሥራ አስኪያጁ ሌላ መሥሪያ ቤት አለቃ ሆኖ ሄደ፤ ታዲያ ሰውን አደባባይ አውጥቶ ማዋረድ ለማን በጀ?

አስተማሪው ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ለእኔ በጅቷል» አሉ፣ ቃሉ እየከበዳቸው። «ከዚያ ወዲህ ፍሬኑ ጠዋት ጠዋት ሳይፈተሽ የሚወጣ አውቶቡስ የለም። የልጅ ልጆቼ በዚያው ነው የሚመላለሱት። ወንድምህን እወደው ነበር፤ ግን ውሸት ልነግርህ አልችልም።»

ጋዜጠኛዋ ልትሄድ ስትነሳ እናት ልጇን «ሸኚያት» አለቻት።

እስከ አውቶቡስ ፌርማታው አብረው ሄዱ። ፌርማታው ጋ ሲደርሱ ልጅቱ፣ «አንዴ ቢያሰሙት አይበቃም ነበር?» አለች።

«አንዴ ሳሰማው ማንም ከምንም አልቆጠረው። ሰው ሲስቅበት፣ ከዚያ ሲሰለቸው፣ ከዚያ ሲናደድ ነው የበላዮቹ ጆሮ የሰጡት። ሾፌሩም የተፈታው በዚያ ነው።» ሻርፗን አስተካከለች። «ይቅርታ ልጠይቅሽ አልመጣሁም፤ ዛሬም ቢሆን አደርገዋለሁ። ስለጠቀመ ግን እናንተን አልጎዳም አልልሽም።»

«ታዲያ ለምን መጡ?»

«አባትሽ ያኔ ጣቢያችን ድረስ መጥቶ ነበር።»

ልጅቱ አንገቷን ደፋች። አቁሚልኝ ብሎ ሲለምናት ታያት።

«ሾፌሩ እስኪፈታ እንዳታቆሚ ነው ያለኝ። የለመነኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጅ እንዳለው በሬዲዮ እንዳላነሳ።»

ያን ሰሞን አባቷ እጇን ይዞ ትምህርት ቤት ማድረስ ትቶ ነበር። እንደማያውቃት ሰው ከመንገዱ ማዶ ይሄዳል፤ በሩን አልፋ ስትገባ አይቶ ይመለሳል። ያኮረፋት መስሏት ነበር። ደግሞም፣ ለማንም ተናግራው አታውቅም እንጂ፣ ማዶ ማዶውን መሄዱ እፎይ አሰኝቷት ነበር። ኋላ ግቢያቸው ውስጥ ብስክሌት እየጠገነ ሲኖርም ሆነ አልጋ ላይ ሲውል፣ ስለዚያ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ አንስቶላት አያውቅም። እሷም አልጠየቀችውም።

አውቶቡሱ ቁልቁለቱን ወርዶ ሳይንገጫገጭ አጠገባቸው ቆመ። ጋዜጠኛዋ ትከሻዋን ነካ አድርጋት ገባች፤ በሩ ተዘጋ።

ልጅቱ ግን ፈቀቅ አላለችም። መዳፏን በአውቶቡሱ ሙቅ ጎን ላይ አሳረፈችና እዚያው ተወችው። ሾፌሩ በመስታወቱ አያት፤ ጡሩንባም አልነፋ፣ እጇን እስክታነሳ ጠበቃት።